ከካርዱ ጀርባ ያለ ስም

ክላረንስ ዱዳ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከአንደኛው አልበሙ ውስጥ አንድ የቤዝቦል ካርድ ሳብ ሲያደርግ፣ የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ወረቀት ከጀርባው ተከትላ ወጣችና ምንጣፉ ላይ አረፈች። ጎንበስ ብሎ አነሳት። «ኖርበርት» ትላለች። ቀን የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ስም ብቻ። ክላረንስ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ክንዱ የሌላውን ሰው ጭን የሚያህል፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባቱ የበረዶ ማዕበል የቡፋሎ ከተማ ሰው ሁሉ ቤቱ ተከርችሞ ሲንቀጠቀጥ ብቻውን በእግሩ ወጥቶ ቢራ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ነው። ቢራው አንድ ካርቶን ነበር፤ እሱ ሲያወራው አራት ይሆናል። ይህ ሰው ያችን ቁራጭ ወረቀት ሲያነብ የሚስቱ የስፌት መኪና ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

ክፍሏ በስም የሎሬይን የስፌት ክፍል ነበረች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግን አልበሞቹ እየገፉ እየገፉ መጥተው መኪናዋን መስኮቱ ሥር ጥግ አስይዘዋታል፤ ሎሬይን ቀሚስ ማጥበብ ስትፈልግ ጉልበቷን በሁለት መደርደሪያ መሀል አጣጥፋ ነው የምትሰፋው። አልበሞቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። በውስጣቸው ከማስቲካ ጋር ይሸጡ የነበሩ የድሮ የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርዶች፣ እያንዳንዳቸው በፕላስቲክ ኪስ፣ በዓመትና በቡድን ተሰድረዋል። ከናያጋራ ፏፏቴ እስከ ኒውዮርክ ወደብ ድረስ እንዲህ ያለ ስብስብ የለም፤ የሙዚየም ሰዎች ቢያዩት በራቸውን ዘግተው ባለቀሱ ነበር። ይህን የሚለው ራሱ ክላረንስ ነው፤ እስካሁን ደፍሮ «ተሳስተሃል» ያለው ሰው ግን የለም። አሁን በእጁ ያለው ካርድ የሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለቱ ሄርማን ቮስ ነው፤ ግራኝ ኳስ ወርዋሪ፣ ቆቡን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ አራቱም ጠርዙ ምላጭ የመሰለ። ቮስ ከካርዱ ላይ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ዓይኑ ልክ የሚያውቀውን ነገር የሚደብቅ ሰው ዓይን ይመስላል። ትናንት እንዲህ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የቅዳሜ ሰዎች» የሚባሉት መጀመሪያ ስድስት ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርድ ሲለዋወጡ ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ጮክ ብሎ ያልተናገረው አንድ ሥርዓት አበጅተዋል። ከመሀላቸው አንዱን ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት እንደሆነ የቀሩት ሊጠይቁት ይሄዳሉ። ቢራ ይጠጣሉ፣ አልበም ያገላብጣሉ። ታማሚው ወጣ ሲል ወይ ሸለብ ሲያደርገው፣ እያንዳንዱ ሰው ስሙን የጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ከሚመኘው ካርድ ጀርባ ሸጎጥ ያደርጋል። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ። ሰውየው ሲሞት ሚስቱ አልበሞቹን ትከፍታለች፣ ስሙን ታነባለች፣ ትደውላለች። ነጋዴ ቀድሞ ገብቶ አያታልላትም፣ ጓደኛም ከጓደኛ አይጣላም። ታማሚው ሲሸጎጥ ቢያይ እንኳ አላየሁም ማለት ነው ወጉ። ክላረንስ ራሱ ሦስት ጊዜ ሸጉጧል። የመጨረሻው ከሁለት ዓመት በፊት ሌኒ ሶባላ ቤት ነበር። ሌኒ ያን ጊዜ ቆዳና አጥንት ሆኖ፣ ክላረንስ ዓይኑ ቮስ ላይ መቅረቱን አየና «ከፍሪጅ በረዶ ላምጣ» ብሎ ተነሣ። ፍሪጁ ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። ሌኒ ሩብ ሰዓት ቆየ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር፤ በረዶው የታለ ያለው ሰው አልነበረም። ከአራት ወር በኋላ የሌኒ ሚስት ደወለች።

አሁን የቅዳሜ ሰዎች ሦስት ናቸው፤ ክላረንስ፣ ጡረተኛው ፖስታ አዳይ ኖርበርት ሄልዊግ፣ እና ከብረት ፋብሪካው የወጣው ዊልበር ግሪር። ክላረንስ በደመ ነፍስ ሌሎቹን አልበሞች ገለጥ ገለጥ አደረገ። አራተኛው ላይ፣ ዊልበር ባየው ቁጥር ምራቁን ከሚውጥለት ከባለ ወርቃማ ጠርዙ የአርባ ዘጠኝ ካርድ ጀርባ፣ ሁለተኛዋን ወረቀት አገኘ። «ዊልበር።» ክፍሉ ውስጥ የማሞቂያው ቧንቧ ሲንቋቋ ይሰማል። ከውጭ የጎረቤቱ አካፋ በረዶውን ይፍቃል፤ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። ሥራ ላይ ያለ የመቃብር ቆፋሪ ይመስላል አለ በልቡ፣ እና ይህን በማሰቡ በራሱ ላይ ተናደደ።

እሱ ታማሚ አይደለም። እንዴት ይሆናል? በጥር ወር ደረጃ ሲወጣ ስለሚያለከልከው ክሊኒክ ሄዶ የደረት ራጅ ተነሥቷል፤ ሎሬይንም አብራው ስለሄደች እግረ መንገዷን ተነሥታለች። ክሊኒኩ የደወለ ዕለት ስልኩን ያነሳችው እሷ ነበረች። «ምን አሉ?» ሲላት «አንተ ደህና ነህ» አለችው፤ ደስ ብሎት ሁለት ሳንድዊች አከታትሎ በላ። አሁን ግን ያ ቀን ተመልሶ መጣበት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለረጅም ጊዜ እጇን ከስልኩ ላይ አላነሳችም ነበር። ያን ጊዜ አይቶታል፤ ሳንድዊቹ ግን የሚወደው የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ኩሽና ወረደ። ሎሬይን በአንድ እጇ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ በመስኮቱ ወደ በረዶው ታያለች። ድንቹ ግማሽ ተልጦ ቀርቷል። አርባ አንድ ሳንቲም የነበረው የዳቦ ቤቱ ዳቦ ስልሳ ዘጠኝ ገባ፣ የጋዝ ሒሳብ መጣ፣ ልጃቸው ሮናልድ ከፊኒክስ አልደወለም፤ ሌላ ቀን ቢሆን እነዚህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ትነግረው ነበር። ለእሱ ያዘነች መሰለው፤ ምስኪን፣ የእኔን በሽታ ብቻዋን ተሸክማ አለ በልቡ። «አንገትህን ሸፍን» አለችው ዞር ሳትል። ሻርፑን ሁለት ጊዜ ጠመጠመ። በሩ ጋ ደርሶ ሊጠይቃት ዞረ፤ አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው «መኪናውን ላሙቅ» ነው።

የቅዳሜው የካርድ ገበያ የሚቆመው በአንድ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። መግቢያ አንድ ዶላር፣ ቡና ሃምሳ ሳንቲም፣ ቋሊማ በዳቦ ሁለት ከሩብ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መብራቱ የሬሳ ፊት እስኪያስመስል ድረስ ነጭ። ሁለት መቶ ሰው ያሸበሸበ ይመስል ሁሌ የሚንጫጫው አዳራሽ (ሃምሳ ቢሞሉ ነው) ክላረንስ ደረጃውን ሲወርድ ጸጥ ያለ መሰለው። ምናልባት የጆሮው ነገር ይሆናል። ብቻ ሁለት ሦስት ሰዎች ቀና ብለው አይተውት፣ ቶሎ ወደ ካርዳቸው አቀረቀሩ። ዊልበር ግሪር ከርቀት አየውና ተነሣ። ዊልበር ሁለት ሜትር ይሆናል፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለክላረንስ ያደረገለት ትልቁ አክብሮት «የአውቶቡስ ሐኪም መጣ፤ በሽተኞቹ የታሉ?» የሚል ቀልድ ነበር። ዛሬ መጥቶ ሳጥኑን ከእጁ ተቀበለው። ወንበር ሳበለት። ይባስ ብሎ ለወገቡ ብሎ ከቤት ይዞት የሚመጣውን የራሱን ትራስ ወንበሩ ላይ አደረገለት።

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ።»

«ምን ሆንኩ ብለህ ነው?»

«ምንም። ሎሬይን እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት» አለ ክላረንስ፣ እና ትራሱ ላይ ሲቀመጥ የቀረበለት የሬሳ ሣጥን ስፖንጅ መስሎ ተሰማው። ለምንድነው ስለ ሎሬይን የሚጠይቀው? ዊልበር ስለ ሎሬይን ጠይቆ አያውቅም። እሱ ሲሞት ስልክ የምትደውለው እሷ ናትና፣ ከአሁኑ ሊያባብላት ይሆናል።

ኖርበርት ጠረጴዛው ማዶ ነው። ኖርበርት ሄልዊግ በቡፋሎ ብቻ ሳይሆን በመላው ሰሜን አሜሪካ የሚተካከለው የማይገኝ ንፉግ ነው። ፖስታ ሲያድል ያነሳውን ላስቲክ ሁሉ አከማችቶ ሕይወቱን ሙሉ ላስቲክ ገዝቶ የማያውቅ፣ ጎባጣ ካርድ እንኳ ያለ አንድ ሰዓት ክርክር ከእጁ የማይወጣ ሰው። ክላረንስ ከእሱ የሃምሳ አራቱን ዴል ማካርዲን ሲለምን ዘንድሮ አሥር ዓመቱ ነው። መልሱ አንድ ነበር፤ ሦስት ጥሩ ካርድ፣ ከላዩ ላይ ስልሳ ዶላር። ዛሬ ክላረንስ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ኖርበርት ማካርዲን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ በጠረጴዛው ላይ አሳለፈለት።

«ውሰደው። በዚያች ጥጓ በታጠፈችው ለውጠኝ።»

ክላረንስ ካርዱን ብርሃን ላይ አየው። በጎኑ አየው፤ ተቆርጦ እንደሆነ ብሎ። አሸተተው። ንጹሕ ነው።

«ምን ጎድሎት ነው?»

«ምንም አልጎደለውም።»

«አሥር ዓመት ስትነፍገኝ ኖረህ ዛሬ ምን ነካህ?»

«ሰው አይለወጥም እንዴ?»

«አንተ እንኳን ልትለወጥ፣ ኮትህን ለውጠህ አታውቅም።»

ኖርበርት አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ይህን ቢለው ስለ ክላረንስ ቦርጭ ሦስት ስድብ አከታትሎ ይመልስለት ነበር። አሁን የመነጽሩን ፍሬም ብቻ አስተካከለ። በዚህ ዓለም ላይ ካርድ ለዋጭ የሆነን ሰው የሚያስፈራው ነገር ቢኖር መታለል አይደለም፤ ያንንማ ለምዶታል። የሚያስፈራው ያኛው ወገን አውቆ ሲሸነፍለት ነው። «ስልሳውን ዶላር ልስጥህ» አለ። «አልፈልግም።» «ሠላሳ ውሰድ።» «ይቅር አልኩህ።» «እሺ ሁለት ካርድ ምረጥ፤ ከፈለግከው ሳጥን ምረጥ፤ ቢያንስ ስደበኝ» አለ ክላረንስ፤ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ኖሮ ከጎን ያሉት ዞሩ። ኖርበርት ጎባጣዋን ካርድ በቀስታ ወሰዳትና «ሎሬይንን ሰላም በላት» አለ።

ማካርዲ በክላረንስ መዳፍ ላይ ቀረ። አሥር ዓመት ሲያልመው የነበረ ካርድ ነው፤ አሁን የቀዘቀዘ ዓሣ የያዘ ያህል ቀፈፈው። ተነሥቶ ወደ ቡናው ጠረጴዛ ሄዶ ቡናና ቋሊማ ገዛ። ወይዘሮ ፒዮንቴክ፣ የሎሬይን የቤተክርስቲያን ጓደኛ፣ መልሱን ስትሰጠው እጇ እጁ ላይ ቆየ። ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለ ሌላ ቋሊማ አወጣች። «ይኼ የሎሬይን ነው» አለች። «ሰናፍጭ የለበትም፤ ይከብዳት እንደሆነ ብዬ ነው።» ሳልሞት መበለቴን መቀለብ ጀመሩ አለ ክላረንስ በልቡ። ከቡናው ማሽን ጀርባ ያለው መስታወት ላይ ፊቱን አየ። ቀይ፣ ወፍራም፣ ጤነኛ ፊት ነው፤ ሆኖም በዚያ ነጭ መብራት ውስጥ፣ በዚያ አራት ማዕዘን መስታወት ውስጥ ሲታይ፣ ስሙና የተወለደበት ዓመት ከሥሩ ያልተጻፈለት አንድ ካርድ ነበር የሚመስለው።

ተመልሶ ሲቀመጥ አንድ የመጨረሻ ፈተና አዘጋጀ። እንደ ዋዛ፣ ቋሊማውን እያላመጠ፣ «በጥቅምት ሮቼስተር ትልቁ ገበያ አለ። እንዳለፈው ዓመት በእኔ መኪና እንሂድ?» አላቸው። ዊልበርና ኖርበርት ተያዩ። አንድ አፍታ ናት፤ ግን ክላረንስ አያት።

«ጥቅምት ገና ሩቅ ነው» አለ ዊልበር።

«እናያለን» አለ ኖርበርት። «ያን ጊዜ ነገሩ እንዴት እንደሚሆንልህ… እናያለን።»

ከዚህ በኋላ ምን ይቀራል? ሳጥኑን ዘጋ። ሁለቱም እስከ መኪናው ሸኙት፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሸኝተውት አያውቁም። በረዶው ላይ ቆመው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ መኪናው ጥጉን እስኪያልፍ ድረስ በመስታወቱ ውስጥ እያነሱ እያነሱ ሄዱ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ሲያሳክከው ነበር፤ ወረቀቶቹን መቼ ሸጎጧቸው? ሐሙስ። ሐሙስ እሱ ቦውሊንግ ጨዋታ ላይ ነው። ሐሙስ ማታ ሲመለስ የሎሬይን ኬክ እኩሌታው አልነበረም፤ ማን በላው ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ የቀረውን በላ እንጂ። ያስገባቻቸው እሷ ናት ማለት ነው። በሩን ከፍታ፣ ኬክ ቆርሳ፣ በባሏ አልበሞች ላይ አስቀምጣቸዋለች።

ቤት ሲደርስ ኮቱንም ጫማውንም ሳያወልቅ ወደ ላይ ወጣ። ስንት ወረቀት እንዳለ ማወቅ ፈለገ። አልበም በአልበም፣ ገጽ በገጽ፣ ካርድ በካርድ እያንዳንዱን ኪስ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳ ከጀርባው አየ። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ከጫማው ላይ የቀለጠው በረዶ ምንጣፉን አረጠበው። በስድስት ሺህ ካርድ ላይ ያሉ የሞቱ መቺዎችና የሞቱ ወርዋሪዎች፣ ሁሉም እያፈገጉ፣ ሁሉም ሃያ አምስት ዓመታቸው ላይ ቆመው፣ በተራ በተራ አዩት። ከእነዚህ ሰዎች መሀል ስንቱ ዛሬ በሕይወት እንዳለ አስቦ አያውቅም ነበር። ዋጋቸውን ያውቃል። ታች ሎሬይን አንዴ ሳለች። ማሰሮ ተንቋቋ።

የመጨረሻው፣ ሠላሳ አንደኛው አልበም፣ ክላረንስ «ሆስፒታሉ» ይለዋል። የታጠፉ፣ ማስቲካ ያጣበቃቸው፣ ውሻ ያኘካቸው፣ ለማንም የማያሳያቸው ካርዶች የሚተኙበት ነው። እዚያ ማን ምን ሊመኝ ይችላል? ሊዘጋው ሲል፣ በአሥረኛው ገጽ ላይ፣ ሦስተኛዋን ወረቀት አየ። የሃምሳ ሰባቱ አርት ዚምኒ ጀርባ ናት፤ ዚምኒ ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያሳለፈ ኳስ ቀላቢ ነው። በጤናው አሥር ሳንቲም አያወጣም፤ ይኼኛው ደግሞ ተጽፎበታል። ክላረንስ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ በስታዲየሙ ርካሹ ወንበር ላይ አጠገቡ የተቀመጠች ባለ አረንጓዴ ሹራብ ልጅ የስልክ ቁጥሯን ስትነግረው ሌላ ወረቀት አጥቶ ካርዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፈው ነው። ቁጥሩ ግማሽ ነው። በሰባ ዘጠኝ የዚምኒ ካርድ ዋጋ በሆነ ምክንያት ስምንት ዶላር ሲገባ፣ ክላረንስ ላጲስ አንሥቶ ቁጥሩን ማጥፋት ጀምሮ ነበር፤ ወረቀቱ ሲያሻክርበት ተወው። ወረቀቷን ሳባት። «ሎሬይን» ትላለች።

ክላረንስ አልገባውም። ሎሬይን ለምን ወረቀት ትሸጉጣለች? እሱ ሲሞት ሠላሳ አንዱም አልበም የእሷ ነው። ሚስት ስም አትጽፍም፤ ሚስት ስሙን አንብባ የምትደውለው ናት። ስሟን የምትጽፈው… የምትደውለው እሷ ካልሆነች ነው። ከኪሱ የቀሩትን ሁለቱን አወጣና ሦስቱንም የስፌት መኪናዋ ላይ ደረደራቸው። በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአንድ ወደ ግራ በሚያዘነብል እጅ ተጽፈዋል። በየሳምንቱ «ወተት፣ ሳሙና፣ የክላረንስ ቢራ» ብሎ ጽፎ ፍሪጁ ላይ በሚለጥፈው እጅ። የጎረቤቱ አካፋ ቆሟል። የማሞቂያው ቧንቧም ቆሟል። ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ «ሎሬይን እንዴት ናት» መሀል፣ አንዱ እንኳ ስለ እሱ ጠይቆ እንዳልነበር ያን ጊዜ ትዝ አለው።

ኩሽና ሲገባ ሎሬይን ድስት እያማሰለች ነው። ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ሹራቧ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሰፋ አላወቀም።

«እነ ኖርበርት ሐሙስ መጥተው ነበር» አለ።

«አዎ። ኬክ በሉ።»

«ወረቀቶቹን የጻፍሻቸው አንቺ ነሽ።»

«ኖርበርት አልጽፍም አለኝ። ለደህና ሰው አይጻፍም፣ ሟርት ነው አለ። ዊልበርም እስክሪብቶውን አልነካም አለ። የትኛውን እንደሚወዱ ጠየቅኳቸውና እኔው ጻፍኩት።» ማንኪያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገችው። «አንተ ስትሞት ማን ይደውልላቸዋል? ሮናልድ? ሮናልድ በሳጥን በሳጥን አድርጎ ለመጀመሪያው ነጋዴ ነው የሚሰጠው። እንዲያው ቢያንስ ስማቸው ይገኝ ብዬ ነው።»

«ክሊኒኩ የደወለ ቀን…»

«አንተ ደህና ነህ አልኩህ።»

«አልሽኝ።»

«የእኔን አልጠየቅከኝም። ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል ስል አምስት ሳምንት ሆነ።»

ክላረንስ ዱዳ፣ አንዱን ካርቶን አራት የሚያደርገው ሰው፣ ወንበር ፈልጎ አገኘና ሳይቀመጥበት ቀረ። ሳንባዋ እንደሆነ ነገረችው፤ ሐኪሞቹ እስከ ፋሲካ እንዳሏትም፤ ግን ሐኪሞችም እንደ አንተ ያጋንናሉ አለችና እስኪስቅላት ጠበቀች። አልሳቀም። ዚምኒ በእጁ ነው። ካርዱን አየችና «እሱን ነው የፈለግኩት» አለች። «የእናቴ ቤት ስልክ ነው። የቀረውን ቁጥር ሳታጠፋው ከእኔ ጋር መቃብር እንዲገባ ነው።»

ድስቱ ይንተከተካል። በመስኮቱ መጋረጃ ሥር በቀይ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ሳጥን አለ፤ የሎሬይን የምግብ አሠራር ካርዶች የሚቀመጡበት፣ ከእናቷ የወሰደችው። ክላረንስ አርባ ጊዜ፣ አራት መቶ ጊዜ፣ አርባ ሺህ ጊዜ አልፎት ሄዷል፤ ከፍቶት አያውቅም። አሁን ዓይኑ እዚያ ላይ አርፎ አልነቀል አለ። ሎሬይን ዓይኑን ተከተለች። ሳጥኑን አየች። እሱን አየች። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ሽንኩርት ላምጣ» አለች፣ እና የኋላውን በረንዳ በር ከፍታ ወጣች። የሽንኩርቱ ቅርጫት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የጋዙን ሒሳብ ፖስታ ጫፍ ቀደደ። «ክላረንስ» ብሎ ጻፈ፤ እጁ የራሱ እጅ አልመስል አለው። የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት እንደ ጥርስ ቀጭ አለ። ካርዶቹ ሁለት መቶ ይሆናሉ፤ በዚያ ወደ ግራ በሚያዘነብል ጽሑፍ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርድን በንጽሕናው ሲመዝን ኖሯል፤ ነጥብ የምታህል እድፍ ካየ ዋጋውን ግማሽ ይጥል ነበር፣ እንዲህ ባለ እድፍ ጓደኛው ላይ አፊዞ ያውቃል። አሁን ጣቶቹ ንጹሖቹን እያለፉ፣ እያለፉ፣ እጅግ የቆሸሸውን ፈለጉ። አገኙት። የድንች ቂጣ። ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ አንድ ጥጉ ተቃጥሏል፣ መሀሉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ላስገባው ይሆን ብሎ አሰበና በራሱ አፈረ። ወረቀቷን ከጀርባው ሸጎጠና ክዳኑን ዘጋ።

በውርጭ በተሸፈነው የበረንዳ መስታወት ውስጥ የሎሬይን ጥላ ይታያል፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሳትንቀሳቀስ ቆማለች። በረንዳው ሦስት እርምጃ ነው። ሾርባው ገነፈለ፤ ጋዙን ዝቅ አደረገው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሩብ ሰዓት ቆጠረ። በሩ ተከፈተና ቀዝቃዛው አየር ቀድሟት ገባ።

እጇ ባዶ ነበር። ክላረንስ ሽንኩርቱ የታለ አላላትም።